የደረጃው ተቀማጮች

ከቤታችን በር እስከ ጤና ጣቢያው ዘጠና ስድስት ደረጃ አለ። እናቴ የወደቀችው ስልሳ አራተኛው ላይ ነው። ከታች ለሚቆጥር ሰው ሠላሳ ሦስተኛው ነው፤ እሷ ግን እየወረደች ስለነበር ስልሳ አራት ትላለች። እኔም ስልሳ አራት እላለሁ።

አጥንቷ አልተሰበረም። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «እያዩ ይውረዱ እንጂ እማማ» አላት። እሷ እያየች ነበር የወረደችው። ይህን ለማንም ማስረዳት ስላቃታት ተቀየመች፤ ጉልበቷም ፈራ። ስምንት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም። የደም ግፊት መድኃኒቷን እኔ አመጣላት ነበር። በኋላ ግን ነርሷ ከለከለችኝ።

«ሳትለካ መድኃኒቱን አልጨምርላትም። ራሷ ትምጣ» አለች።

«መውረድ አልቻለችም።»

«ታዲያ ግፊቷን በአንተ ክንድ ልለካው?»

ከልጅነቴ ጀምሮ መልስ የሚመጣልኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

እኔ በያጅ ነኝ። መበየጃ ቤቴ ከመኖሪያችን ሥር ነው፤ በሩ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ይከፈታል። ለዘጠና ስድስት ደረጃ መደገፊያ ብረት መሥራት የስድስት ቀን ሥራ ነው። እናቴ በወደቀች በሳምንቱ ጀመርኩ፤ በስድስት ቀን ጨረስኩ። እሷ የእግሯ እብጠት እስኪጎድልላት እየጠበቀች ሳለ፣ በተተከለ በዘጠነኛው ቀን ደንብ አስከባሪው ሁለት ሰዎች ይዞ መጣና ብረቱን አስቆረጠው። የእነሱ መቁረጫ ማሽን ዲስኩ አልቆ ስለነበር የእኔን ተዋሱ። ሲጨርሱ መለሱልኝ፤ አመስግነውኛልም።

ደንብ አስከባሪው የሰፈራችን ልጅ ነው። ትንሽ ሆኖ ስንት ቀን እናቴ እጁን ይዛ ትምህርት ቤት አድርሳዋለች።

«ደረጃው የከተማው ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«የከተማው ንብረት ላይ ያለ ጥናት ምንም ነገር አይተከልም።»

«ማን ነው የሚያጠናው?»

«የሚያጠኑ ሰዎች።»

«መቼ ይመጣሉ?»

«እሱም ይጠናል» አለኝና ሄደ።

የተቆረጠውን ቱቦላሬ ብረት ሰብስቤ ከግድግዳው ጋር አቆምኩት። እናቴ በየቀኑ በመስኮት ታየዋለች። ምንም አትለኝም። ይህ ከሁሉ ይብስ ነበር፤ ምክንያቱም እናቴ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

በስምንተኛው ወር ደንብ አስከባሪው በመበየጃ ቤቴ በር ብቅ አለና «ጥናትህ መጣ» አለኝ።

ከደረጃው ግርጌ ባለው ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ የሁለት ሳምንት ሥልጠና ሊሰጥ ነበር። ሠልጣኞቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ምርምር ገና የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። ሁሉም የተለያየ ሙያ አላቸው። የሚሠለጥኑት፣ ሰው በጤና የሚኖርባትና ለልጅ ልጅ የምትተርፍ ከተማ እንዴት እንደምትሠራ አንድ ላይ ሆነው እንዲያጠኑ ነው። የሥልጠናው ስም ረጅም ስለነበር ባነሩ ላይ ሦስት መስመር ወስዷል። ለልምምድ የእኛ ደረጃ ተመረጠላቸው። በመጨረሻ የሚጽፉትን ምክር ማዘጋጃ ቤቱ ተቀብሎ አንዱን ሊሠራ ቃል ገብቷል።

የአካባቢው ተወካይም ያስፈልጋል ተባለ። ደንብ አስከባሪው እኔን ጠቆመ።

«እኔ መናገር አልችልም» አልኩት።

«ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩህ። ተናጋሪ ከላክን ስለ ውኃው ያነሳል፣ ስለ ቆሻሻው ያነሳል፣ ማታ ነው የምንወጣው። አንተ መጨረሻ ላይ ተነስተህ 'እናመሰግናለን' ትላለህ፤ አለቀ።»

ሠልጣኞቹ አራት ነበሩ። አንደኛው ነጭ የስፖርት ጫማ የሚያደርግ ቀጭን ሐኪም ነው። ሁለተኛዋ የመንገድ መሐንዲስ ናት፤ ሻንጣዋ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ ከኋላዋ ሽቦ ይንጠለጠላል። ሦስተኛው ሕንፃ ነዳፊ ነው፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳሱን ይፈልጋል። አራተኛዋ የሰውን አኗኗር የምታጠና ናት፤ ፀሐይ አትወድም፤ ቀይ ጃንጥላ ይዛ ነው የምትዞረው።

አሠልጣኙ ሸምገል ያሉ ፕሮፌሰር ናቸው። በመጀመሪያው ቀን መድረክ ላይ ወጥተው «ልጆች፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አሉ። ቀጥለውም የሥልጠናውን ደንብ ተናገሩ። በመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዱ ብቻውን ያጥና፤ ያየውን ለሌላው አይንገር፤ ሌላው ምን እንደሚሠራም አይጠይቅ። «የሰው ዐይን ከተዋሳችሁ የራሳችሁ ዐይን ይሰንፋል» አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ያገኘውን አምጥቶ አንድ ላይ ይሠራል።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አሉ» አልኳት።

«አንበሳው የት አለ?» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት መሐንዲሷ አራት ትንንሽ ሳጥኖች አመጣች። ደረጃችን ሦስት ቦታ ይጠመዘዛል፤ ከላይም ትንሽ ሜዳ አለው። በየጠመዝማዛው አንድ፣ ሜዳው ላይ አንድ ሳጥን ሰቀለች። ሳጥኑ የሰው ፊት አያይም። የሰው ምስጢር እንዳይነካ ተብሎ ነው። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ከዐሥር ደቂቃ በላይ አንድ ቦታ ከቆየ «ተቀማጭ» ብሎ ይመዘግባል።

ከዚያ አራቱም ተራ በተራ ወደ መበየጃ ቤቴ መጡ።

«የአካባቢው ሰው ደረጃው ላይ ምን ያደርጋል?» አለኝ ሐኪሙ።

«ይወጣል፣ ይወርዳል።»

ጻፈ። ሕንፃ ነዳፊው መጣ፤ ያንኑ ጠየቀኝ፤ ያንኑ መለስኩለት፤ ጻፈ። ባለ ጃንጥላዋ «ሌላስ?» አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና «ሲረሳ ተመልሶ ይወጣል» አልኳት። እሷም ጻፈች። መሐንዲሷ የመጣችው ግን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ልትዋስ ነበር፤ በዚያው ጠየቀችኝ።

ስለ መደገፊያው ብረት ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። ለእያንዳንዳቸው ልነግር ስል ሌላ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ የማስበው ይጠፋብኛል። ሐኪሙ በሌሊት ስንት ሰዓት እንደምተኛ ጠየቀኝ። ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ ሄደው ተቀመጡ። ሐኪሙ መጀመሪያው ጠመዝማዛ ላይ ተቀምጦ የሚወጣው ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ ያዳምጣል። ሕንፃ ነዳፊው ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ ተቀምጦ ይስላል። ባለ ጃንጥላዋ ሦስተኛው ላይ ናት፤ ሰላምታ ትቆጥራለች። መሐንዲሷ ላይኛው ሜዳ ላይ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ የሳጥኖቹን መብራት ትጠብቃለች። በጠመዝማዛው ምክንያት አንዱ ሌላውን አያይም። ቢያይም ደንቡ አይፈቅድም።

አራቱንም የምታይ አንድ ሰው ነበረች። እናቴ በመስኮቱ አጠገብ ወንበር አላት።

«ያቺ ባለ ጃንጥላ ዛሬ አርፍዳለች» ትለኛለች።

«ሥራ ይኖራታል እማዬ።»

«ሥራዋ መቀመጥ አይደለም እንዴ? ሦስት ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ለምሳ ይነሳሉ፣ ሰባት ተኩል ላይ ይመለሳሉ። ምስኪን፣ ድንጋዩ ይበርዳቸዋል።»

«እየታዘቡ ነው።»

«እኔም እዚህ ወንበር ላይ ስምንት ወር ታዝቤአለሁ። ማን ዲግሪ ሰጠኝ?»

የሰፈሩ ሰው ደረጃው ላይ አይቀመጥም። በአንዱ በኩል የፍሳሽ ቦይ አለ፤ በሌላው በኩል ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ይወርዳል። የተቀመጠ ይረገጣል። በዚያ ሳምንት ግን ሰዎች እንግዶቹን እንዳይረግጡ በቦዩ ጠርዝ እየተሻገሩ ነበር የሚያልፉት። ባለ ጃንጥላዋ «ሰዉ እርስ በርስ ይተላለፋል፤ ጨዋ ነው» ብላ መዝግባለች።

ሁለተኛው ሳምንት ገባና አዳራሹ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። እኔም እንደ ተወካይ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ።

«ደረጃ መንገድ ነው» አለች መሐንዲሷ። «ሰው ከአንድ ቦታ ሌላ ቦታ የሚደርስበት።»

«ይቅርታ ኢንጂነር፣ ደረጃ ስፖርት ነው» አለ ሐኪሙ። «የዚህ ሰፈር ሰው ልብ እንደ ፈረስ ነው። እንዲያውም ደረጃው ቢጨመር ደስ ይለኛል።»

«አንተ ታች ስለምትኖር ነው» አለችው ባለ ጃንጥላዋ።

«ደረጃ ቦታ ነው» አለ ሕንፃ ነዳፊው፤ እርሳሱን እየፈለገ።

«ጆሮህ ላይ ነው» አለችው መሐንዲሷ።

እኔ ደረጃ ደረጃ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ግን አልተናገርኩም።

ያስታረቃቸው የሳጥኖቹ ቁጥር ነው። ሐሙስ ዕለት መሐንዲሷ የመጀመሪያውን ሳምንት ቁጥር ስታወጣ አራቱም ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። ከዚያ ፈገግ አሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ስለ አንድ ነገር። ከእኔ ጥግ ወረቀቱ አይታየኝም ነበር። ደስ ሲላቸው አይቼ ደስ አለኝ። መደገፊያ ብረት የሚለውን የደረሱበት መሰለኝ።

ዐርብ ጠዋት ውጤቱ ቀረበ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ አጠገቡ ደንብ አስከባሪው አለ። ኪሴ ውስጥ «እናመሰግናለን» ብዬ የጻፍኩበት ወረቀት ነበር። እንዳይጠፋብኝ ነው የጻፍኩት።

ግድግዳው ላይ ሥዕል በራ።

«ያልጠበቅነው ነገር አገኘን» አለች መሐንዲሷ። «ይህ ደረጃ መተላለፊያ ብቻ አይደለም። በየሥራ ቀኑ በአማካይ አራት ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው ከአምስት ሰዓት በላይ ይቀመጡበታል። አንዱ ሜዳው ላይ፣ ሦስቱ በየጠመዝማዛው።»

«ከስድስት እስከ ሰባት ተኩል ማንም አይቀመጥም» አለ ሐኪሙ። «ነዋሪው ቀትር ላይ ራሱን ከፀሐይ ይጠብቃል ማለት ነው። በጤና ዐይን የሚደነቅ ልማድ ነው።»

«እሑድ ደግሞ አንድም ተቀማጭ የለም» አለች ባለ ጃንጥላዋ። «እሑድ የቤተሰብ ቀን መሆኑን ያሳያል። ማኅበረሰቡ አደባባዩን ከቤቱ የሚለይበት ጥልቅ ሥርዐት አለው።»

ሕንፃ ነዳፊው ንድፉን አሳየ። ያማረ ነበር። በየጠመዝማዛው የድንጋይ መቀመጫ፣ ዛፍ፣ ጥላ። ጽሑፉ «የተቀማጮች ደረጃ» ይላል።

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው እጁን አወጣ። «ስለ መደገፊያ ብረት አንድ የቆየ ጉዳይ መዝገባችን ላይ አለ። እሱስ?»

ወንበሬን ወደ ፊት ሳብኩ።

«አይተነዋል» አለ ሕንፃ ነዳፊው። «አንመክርም። ብረቱ የተቀማጩን ጀርባ ይነካል። አራት ሰው ለአምስት ሰዓት የሚያርፍበትን ቦታ ለሚያልፍ ሰው ብለን መዝጋት ተገቢ አይደለም።»

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ጻፈ። ከዚያ ደንብ አስከባሪው በአገጩ ምልክት ሰጠኝ። ተነሳሁ። ወረቀቴን አወጣሁ። «እናመሰግናለን» ይላል፤ ፊደሉ አልተሳሳተም። ግን እናቴ በመስኮቱ አጠገብ ስትናገር በሐሳቤ ሰማኋት። ሦስት ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ለምሳ ይነሳሉ።

«ተቀማጮቹን አውቃቸዋለሁ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ፕሮፌሰሩ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «በጣም ጥሩ! የአካባቢ ዕውቀት ማለት ይህ ነው። እነማን ናቸው?»

«አንደኛዋ ቀይ ጃንጥላ አላት።»

ቀዩ ጃንጥላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሰው ሁሉ አየው።

«አንደኛው ጆሮው ላይ እርሳስ አለው። አንደኛዋ ላፕቶፕ አላት። አንደኛው ነጭ ጫማ ያደርጋል።»

ሐኪሙ እግሩን ወንበሩ ሥር ሳበ።

ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው «እሑድስ?» አለኝ።

«እሑድ ሥልጠና የለም።»

«እኔ አልተቀመጥኩም፤ እየሠራሁ ነበር» አለች መሐንዲሷ።

«እኔም እየታዘብኩ ነበር» አለች ባለ ጃንጥላዋ።

«እኔ እንዲያውም ቆሜ ነበር ብዬ ነው የማስታውሰው» አለ ሕንፃ ነዳፊው። ሐኪሙ አቀርቅሮ ደብተሩን ይገልጥ ነበር። እሱ ጠርጥሮ ነበር መሰለኝ።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ድሩ አብሯል» አሉ ቀስ ብለው። «አብሮ ራሱን አሰረ።»

የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ደብተሩን ዘጋ። እስከ ነገ እኩለ ቀን ድረስ የተስተካከለ ጥናት ካልደረሰው ደረጃው ከዚህ ዓመት ዕቅድ እንደሚወጣ ተናግሮ ሄደ። ደንብ አስከባሪው ወደ በሩ እየወሰደኝ «አንድ ቃል ብቻ ነበር እኮ የሰጠሁህ» አለኝ።

ደረጃውን ስወጣ እግሬ ከበደኝ። ስምንት ወር የጠበቅኩትን ጥናት በገዛ አፌ አፍርሼዋለሁ። ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት።

«በሕይወትህ አንድ ቀን ሰው ፊት ተናገርክ፤ እሱንም በእኛ ላይ ተናገርከው» አለች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞር ብላ «ግን እውነት ነው። አራት ናቸው፤ እኔም ቆጥሬአቸዋለሁ» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አራቱም አንድ ላይ ቆመዋል። ፊታቸው ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ነበር።

«በዚህ ሰፈር ደረጃውን ከላይ እስከ ታች የሚያይ ሰው ማን ነው ብለን ጠየቅን» አለች ባለ ጃንጥላዋ። «ሁሉም እናትህን አሉን።»

ሐኪሙ ከእናቴ ወንበር አጠገብ ተንበረከከ። «እማማ፣ ዛሬ መውረድ ይፈልጋሉ?»

«ልጄ፣ ስምንት ወር ሌላ ምን ፈለግኩ?»

እንዲህ ወረድን። ሐኪሙ አንድ ክንዷን ይዞ የልቧን ምት ይቆጥራል። እኔ ሌላውን ይዣለሁ። መሐንዲሷ ከፊት እየቀደመች የእያንዳንዱን ደረጃ ከፍታ በሜትር ትለካለች። እናቴ እጇን ወደ ግድግዳው በላከች ቁጥር ሕንፃ ነዳፊው የነካችበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ባለ ጃንጥላዋ ጃንጥላዋን ለእናቴ ጥላ አድርጋ ዘርግታ በሌላው እጇ ትጽፋለች። ዐሥራ አንድ ሰዎች መንገድ ለቀው ቆሙ፤ ዐሥራ አንዱም «እንኳን ወጡ» አሏት። እናቴ ለእያንዳንዱ መልስ ስለሰጠች ጊዜ ወሰደ።

አርባ አንደኛው ላይ ትንፋሽ አጠራት፤ ተቀመጠች።

«ቁጠሩኝ እንግዲህ» አለቻቸው።

ሕንፃ ነዳፊው በቁም ነገር ጻፈው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተነስታ ቀጠለች። ስልሳ ሦስተኛው ላይ ደርሳ ቆመች። እግሯ አልሄድ አለ። ሐኪሙ «ምቱ ጨመረ» አለ። መሐንዲሷ ስልሳ አራተኛውን ለካች። ሜትሩን ደግማ ዘረጋች። ሦስተኛ ጊዜ ለካች።

«ይሄኛው ከሌሎቹ ሁሉ በሰባት ሴንቲ ሜትር ይረዝማል» አለች። «እግር ሳያየው የለመደውን ያህል ነው የሚወርደው። እዚህ ላይ ማንም ሰው ይወድቃል። ጤነኛም ይወድቃል።»

እናቴ ዘወር ብላ አየችኝ። «አላልኩህም? እያየሁ ነበር የወረድኩት!» አለች። ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ጎረቤቶቹ በሮች ተጣራች፤ «ሰባት ሴንቲ ሜትር!»

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ነርሷ የእናቴን ግፊት በእናቴ በራሷ ክንድ ላይ ለካች። ከፍ ብሎ ነበር፤ መድኃኒቱ ተጨመረላት። ወደ ላይ እንዴት እንደምትመለስ አራቱ መወያየት ሲጀምሩ እኔ በጀርባዬ አዝያት ወጣሁ። ለዚያ ጥናት አላስፈለገም።

ጥናቱ አንድ ገጽ ነበር። መበየጃ ቤቴ ውስጥ በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አራቱም ቆመው ጻፉት። መደገፊያ ብረት ይተከል፤ ከፍታው በጠመኔው ምልክት ልክ ይሁን፤ ስልሳ አራተኛው ደረጃ ይስተካከል። ሕንፃ ነዳፊው አርባ አንደኛው ላይ መቀመጫ ይሠራ የሚል መስመር ጨምሮ ነበር። መሐንዲሷ «በአንድ ሰው መረጃ? ገና ትናንት ተዋርደን?» አለችውና ሰረዘችበት። አራቱም ፈረሙ። እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ሲቀረው ሐኪሙ በነጭ ጫማው እየሮጠ ማዘጋጃ ቤት አደረሰው።

ፈቃዱ ሲመጣ የቆየውን ቱቦላሬ ቀጥዬ በስድስት ቀን ተከልኩት። ስልሳ አራተኛውንም የማዘጋጃ ቤቱ ግንበኞች ከአጠገቡ ካሉት ደረጃዎች ጋር አስተካከሉት።

በዘጠነኛው ቀን ደንብ አስከባሪው መጣ። ብረቱን ነቀነቀው። አልተነቃነቀም። ወረቀቱን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። እያነበበ ከእኔ ጋር ወረደ። አርባ አንደኛው ላይ እናቴ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ መድኃኒቷን ጭኗ ላይ አድርጋ። ከጤና ጣቢያው እየተመለሰች ነበር።

«እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አላት።

«ተቀምጫለሁ።»

ወረቀቱን ገልብጦ አየው። «መቀመጥ ጥናቱ ውስጥ አለ?» አለኝ።

«ነበረ» አልኩት። «ተሰርዟል።»

የተሰረዘውን መስመር በጣቱ ተከትሎ አነበበው። ከዚያ እናቴን አያት፤ እሷም አየችው።

«አንተም ተቀመጥ ልጄ» አለችው። «ሳጥኑን ወስደውታል።»

ግራና ቀኙን አየና ተቀመጠ። ከዐሥር ደቂቃ በላይ ቆየ።